ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል

የመስቱራ ሻይ ቤት ግድግዳ ኖሮት አያውቅም። በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ፣ ከሐበሻ ተራራ የሚወርደው ቀይ ውሃ ሳይደርስ፣ ምሰሶው ይነቀላል፣ የሣር ክዳኑ ይጠቀለላል፣ የገመድ አልጋዎቹ በአህያ ተጭነው ወደ ድንጋያማው ኮረብታ ይወጣሉ። ጥቅምት ላይ ወንዙ ልብ ሲገዛ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይወርዳል። የአምናው ቦታ ግን አይገኝም፤ ዓባይ አንዱን ዳር ገምሶ ሌላውን ሲደለድል ነው የሚከርመው። እንዲህም ሆኖ ከካርቱምና ከኦምዱርማን አርብ አርብ እዚህ ሳበሎቃ ድረስ ለሽርሽር የሚመጡት ሰዎች ጠፍቶባቸው አያውቅም። የናናው ሽታ ይመራናል ይላሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚመራቸው የዘላቢያው ዘይት ነው።

ሻይ ቤቱን የጀመረችው መስቱራ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዛሬ ልጇ ቶማ ከሊጥ ዘላቢያ ትጠብሳለች፤ የልጅ ልጇ በቱል ሻይ ትቀዳለች። መስቱራ ለሁለቱ ያወረሰቻቸው አንድ ትልቅ የነሐስ በራድና አንድ ውሸት ነው።

ውሸቱ ይህ ነው። ሻይ ቤት የሚመጣ ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ብቻ አይመጣም። አንዳንዱ ብርጭቆ ሲቀበል ጣት ይነካል፤ አንዳንዱ «ባል አለሽ ወይ?» ይላል። ያን ጊዜ የሻይ ቤቱ ሴት ዓይኗን ከበራዱ ሳታነሳ «ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል፤ አሁን ይመጣል» ትላለች። የመስቱራ ባል እንዲህ ሲያጠምድ ሠላሳ አራት ዓመት ቆየ። የቶማ ባል ከሞተ ወዲህም ማጥመዱን አላቋረጠም። የሃያ ሁለት ዓመቷ በቱል ጭራሽ ባል ኖሯት አያውቅም፤ እሱም ቢሆን ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ወንዝ ላይ ነው።

ይህን ውሸት የተፈታተነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ጥር ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ሙርተዳ ይባላል፤ የኦምዱርማን ጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ፣ ዐትባራ ከተማ የባቡር መሐንዲስ። ጓደኞቹ ወንዙ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዘ።

«ባለቤትሽ የት ነው?» አላት።

«ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል፤ አሁን ይመጣል።»

«እሰይ! ዓሣ ነፍሴ ነው። እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ» ብሎ የገመድ አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን እስኪነፋ ጠበቀ። ስድስት ብርጭቆ ጠጣ። ሲነሳ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «አይዞሽ እህቴ፤ ሰነፍ ባል የደረሰባት አንቺ ብቻ አይደለሽም» ቢላት በቱል ያላሰበችው ሳቅ አመለጣት። በሚቀጥለው አርብ መጣ። ከዚያም በሚቀጥለው። በአራተኛው እውነቱን ነገረችው።

«ከቤታችን ሌላ ይህን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ» አለችው።

ብርጭቆውን ሲመልስላት ጣቷን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ከሥሩ ያዘው። በቱልን የያዛት ያ ጥንቃቄ ነው። ብዙ ወንድ ሲነካ ነው የሚታወሰው፤ እሱ ባለመንካቱ ልቧ ውስጥ ገባ።

የጎርፉን ወራት በደብዳቤ አለፉት። ደብዳቤ አመላላሹ ወሬኛው የአውቶቡስ ሹፌር ሸንቡል ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ሻይ ቤቱ በተተከለ በሁለተኛው አርብ እናቴና አክስቶቼ ይመጣሉ። ለሽርሽር የመጡ መስለው ያዩሻል፤ የቤታችን ልማድ ነው። እናቴ ያሰበችልኝ የወንድሟን ልጅ ነበር፤ ሻይ ሻጭ የሚለው ስምም አልተዋጠላትም። አንቺን ካየች ግን እንደኔው ትሆናለች።» በቱል ደብዳቤውን በተጠቀለለችበት ቶብ ጫፍ ቋጥራ ሳምንቱን ሙሉ ዞረች፤ ደስታዋን ከእናቷ በቀር ለማንም ማካፈል አላሰኛትም።

*

ሻይ ቤቱ በተተከለ ማግስት፣ ሐሙስ ቀን፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ዘይት ተንጣጥቶ የበቱልን ቀኝ እጅ ከጣት እስከ አንጓ ለበለበው። ቶማ አልጮኸችም፤ ሂና በጠበጠች።

«እማ፣ ያላገባች ልጅ እጇን አጥቁራ ሰው ፊት ትወጣለች እንዴ?»

«ቃጠሎን እንደ ሂና የሚያበርደው የለም። ደግሞስ ማን ሊያይሽ? መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ነገ የሚመጣው ወይ እብድ ነው ወይ ተማሪ።»

«ግራውን ለምን ትቀቢኛለሽ? ግራው አልተቃጠለም!»

«አንድ እጅ ብቻ ማጥቆር ገደ ቢስ ነው። ዘርጊ ብያለሁ!»

«እናትየው ቢያዩኝስ?»

«በሚቀጥለው አርብ ነው የሚመጡት አላልሽኝም? እስከዚያ ይደበዝዛል።»

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ መጣ። አንዱ እንደተባለው ተማሪ ብቻ ነበር። ከሌላው ሦስት ሴቶች ወርደው ምድጃው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። በዕድሜ የሚበልጡት ሰማያዊ ቶብ የለበሱ፣ ዓይናቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። በቱል ሻይ ስታቀብላቸው ያ የማይቸኩል ዓይን ብርጭቆውን አልፎ እጇ ላይ ቀረ። ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓቸው እንደ ሙሽራ እጅ ጠቁረዋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉ። «ባለ ትዳር ነሽ?»

ጎረምሶቹ ተማሪዎች ጨዋታቸውን አቁመው ጆሯቸውን ቀሰሩ። አንደኛውማ ይህንኑ ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያመነዥክ ነበር። በቱል ለሴትዮዋ ሳይሆን ለእነሱ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አዎ አክስቴ፤ ባሌ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል፤ አሁን ይመጣል» አለች።

ሴትዮዋ ሻዩን ግማሽ ድረስ ጠጡ፣ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አኖሩ፣ «አላህ ያቆይልሽ» ብለው ተነሱ። በዚያ አገር የተቀዳለትን ሻይ ግማሹን ትቶ የሚነሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። በቱል ሴትዮዋ ያመማቸው መስሏት ከልቧ አዘነችላቸው።

*

በሁለተኛው አርብ የእናቷን ቢጫ ቶብ ለብሳ ጠበቀች። ሂናው ደብዝዞ የተምር ቀለም ይዟል። ከየአውቶቡሱ የሚወርዱትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉንም አማች አድርጋ ፈገግ አለችላቸው። በመጨረሻ ሸንቡል መጣ። የወትሮ ቀልዱን ሳይቀልድ ደብዳቤ ሰጥቷት ዞር አለ።

«ለበቱል። እናቴ ቀድማ መጥታ ነበር፤ ማየት ማለት ያልተዘጋጀችን ልጅ ማየት ነው ትላለች። ባል አለኝ ብለሻታል። ይህን ብቻ ብትነግረኝ በሳቅሁ ነበር፤ አፍሽ እንደሚቀልድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እጅሽንም አይታለች። አፍ ይቀልዳል፤ እጅ አይቀልድም። እንኳን ደስ ያለሽ። ሙርተዳ።»

በቱል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ግማሹ የቀረው ብርጭቆ፣ ሰማያዊው ቶብ፣ «አላህ ያቆይልሽ» የሚለው ድምፅ ተራ በተራ ወደ አእምሮዋ መጡ። መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው።

«ሌላም አለ» አለ ሸንቡል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ነገ እናቱ ሐጃ ኒማት ሙርተዳን ከወንድማቸው ልጅ ጋር ቃል ሊያስተሳስሩ ነው። ሽማግሌዎቹን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ይሁንላቸዋ!» ብላ በቱል ወደ ምድጃው ተመለሰች። ብርጭቆ ደርድራ መቅዳት ጀመረች። ሻዩ ሞልቶ ሰሐኑን አልፎ መሬት ሲጠጣው እንኳ አላየችም። ቶማ መጥታ በራዱን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ደብዳቤውንም አስነብባ ሰማች።

«መልስ አልጽፍለትም» አለች በቱል። «እሱ ካልጠየቀኝ እኔ ልለምነው ነው?»

«የአያትሽ እጅ ሂና ሳይኖረው አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው እማ?»

«ሁሌ ጥቁር ነበር። አባቴ የሞተው ደግሞ እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ባል የሞተባት ሴት ሂና አትነካም፤ አይደል? ሻይ ቤቱን በጀመረች በሦስተኛው አርብ ሽርሽረኛው ሁሉ ሲሄድ አንድ ሰው ቀረ። በፈላ በራድ ነው ያባረረችው። ያን ዕለት ሂና በጠበጠች። ሽርሽረኛው ጥቁር እጅ ሲያይ ባል አላት ብሎ ይተዋት ጀመር። መንደሩ ግን "ባሏ አፈር ሳይጫነው አጌጠች" ብሎ ስሟን አቆሸሸው። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰችላቸውም። ነውሯን ይዛ ሞተች፤ ያልነበረባትን ነውር።» ቶማ የልጇን እጅ ይዛ ገለበጠችው። «እኔን የሚቆጨኝ ያ ዝምታዋ ነው። ለማያገባው ዝም በይ። ለሚያገባው ሰው ዝም ማለት ግን ኩራት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።»

«ዛሬ አርብ ነው እኮ! ሰዉን አታይም?»

«እኔ ሁለት እጅ አለኝ። ሂጂ!»

በቱል በሸንቡል አውቶቡስ ስትሳፈር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። በመስኮቱ ስታይ ሻይ ቤታቸው አነሰ፣ ጭሱ ቀጠነ፣ በመጨረሻ ከግራሮቹ ተለይቶ አልታይ አለ። ሽርሽረኞቹ ሲሄዱ የሚያዩት ይህን ነበር ለካ። እንዲህ በቀላሉ ከዓይን የሚጠፋ ነገር ከሙርተዳም እንዲሁ ጠፍቶ ይሆን ስትል አሰበች።

*

ሸንቡል ኦምዱርማን ውስጥ የእነ ሙርተዳ ቤት ሰማያዊ በር ላይ አወረዳት። ከደጃፉ ላይ አንድ ጥንድ የወንድ ቆዳ ጫማ ተቀምጧል፤ ሞዴሉ ያረጀ፣ ቅባቱ ግን ትኩስ። በቱል ልቧ ዘለለ፤ መጥቶ ይሆን? ጫማው ግን የሽማግሌ ጫማ ነው።

ሐጃ ኒማት በሩን ከፍተው ወዲያው አወቋት። እንግዳን ሻይ ሳያጠጡ «ምን እግር ጣለሽ?» ማለት ነውር ነውና አስገብተው አስቀመጧት፣ ሻይ ቀዱላት። በቱል ብርጭቆውን በተቃጠለው እጇ ይዛ እስከ ታች ጨለጠችው።

«እርስዎ እኛ ቤት ግማሹን ትተው ነው የተነሱት» አለች። «እኔ የእርስዎን ጨርሻለሁ። አሁን ልናገር?»

«ተናገሪ።»

መዳፏን ዘረጋች። ሂናው በለቀቀበት ቦታ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሆኗል። ስለ ዘይቱ ነገረቻቸው፤ ስለ ጎረምሶቹ፤ ከዚያ ሳታስበው ስለ መስቱራ፣ ስለ ሦስተኛው አርብ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስለሚያጠምደው ባል።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ግን የዋሸሁት እርስዎን አይደለም። ውሸቱ ቤታችን ግድግዳ ስለሌለው በግድግዳ ፋንታ የቆመ ነው። ልጅዎን ስጡኝ ብዬ አልመጣሁም። ሳላገባ አገባች ተብዬ እንዳልቀር ነው የመጣሁት።»

የሐጃ ኒማት ዓይን ወደ ደጃፉ ሄደ።

«ያን ጫማ አየሽው?» አሉ። «የባለቤቴ ነው። እሱ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሙርተዳ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ሱቅ እንሽጥልሽ የሚል፣ ላግባሽ የሚል፣ ከዚያም የባሰ የሚል በሬን ሲያንኳኳ የሚያየው መጀመሪያ ጫማ ነው። እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ቅባት እቀባዋለሁ። ልጄ የአባቱ ማስታወሻ ይመስለዋል።» ፊታቸውን ወደ በቱል መለሱ። «አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ጥዪኝ። ያን ቀን ሂናሽን ሳይ ደስ አለኝ። ሻይ ሻጭ አልፈልግም ከማለት አሳረፍሽኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ! ጫማ እየቀባሁ ልጅ ያሳደግሁት እኔ!»

በቱል ልትጠላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ሁለቱም አለቀሱ። ሐጃ ኒማት ከሁሉ በፊት ሰው ልከው የነገዎቹን ሽማግሌዎች አስቀሩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ቅባት አምጥተው የተላጠውን መዳፏን ቀስ እያሉ አሹላት።

*

በሦስተኛው አርብ እናትና ልጅ አብረው መጡ። ሐጃ ኒማት በቀጥታ ሄደው ቶማን አቀፉ። ሙርተዳ ምድጃው ፊት ቆሞ ቀረ። በቱል ቀና አላለችም።

«ሻይ አለ?» አለ።

«ለሚጠይቅ ሰው አለ።»

ነገሩ ገባው።

«ያን ጊዜ ያልጠየቅኸኝን አሁን ጠይቀኝ» አለች።

«በቱል፣ ሰው ይሰማል…»

«ይስማ። ጠይቀኝ።»

«ባል አለሽ?» አላት።

«የለኝም» አለች። በአርባ ዓመት ውስጥ በዚያ ሻይ ቤት ይህ ቃል ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነው። «እናትህን አመንክ፣ ደግ አደረግህ። ግን "እውነት ነው ወይ?" ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ቀለሙ ያልቅብህ ነበር? ሁሉም ሰው ቢጠረጥረኝ ግድ የለኝም። አንተን ነበር ከሁሉ ለይቼ የነገርኩህ!»

«ፈራሁ» አለ ሙርተዳ። «"እውነት ነው" የሚል ደብዳቤ ብትልኪልኝ የት አባቴ አደርገዋለሁ? ሳልጠይቅሽ ብቀር ቢያንስ ጥርጣሬ ይተርፈኛል ብዬ ነው። ቅር ያሰኘሁሽ ከሚገባኝ በላይ ስለምወድሽ ነው እንጂ…»

«ከወደድክ ድፈር።»

«ደፍሬያለሁ። ይኸው መጣሁ።»

ያን ጊዜ እጇን አሳየችው። ቆዳው አገግሞ አዲስ ሆኗል፤ ሂናው ከጥፍሯ ላይ ብቻ አልለቀቀም። «ይኸው፤ ያልቀለደብህ እጅ» አለችው። ሙርተዳ አልነካትም። መዳፉን ከእጇ ሥር ዘርግቶ፣ ብርጭቆ እንደሚቀበል ሰው፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆመ። በቱል ሻይ ቀድታ እዚያው መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጣታቸው ተነካካ፤ ያነካካችው እሷ ናት። የያዛት ንዴት ሁሉ ከዚያች ጣት በኩል ወጥቶ ሄደ።

«አንተ መሐንዲስ» ብላ ቶማ ከመጥበሻዋ ተጣራች፤ መንጠቆና ገመድ ወረወረችለት። «ተገትረህ ከምትውል ምሳ የሚሆን ነገር አምጣ።»

ሙርተዳ እየሳቀ ወደ ውሃው ወረደ። ሐጃ ኒማት የገመድ አልጋው ላይ ተደላድለው ብርጭቋቸውን ያዙ። አዲስ አውቶቡስ ደረሰ፤ ሸሚዙን እስከ ሆዱ የከፈተ አንድ ሰው ምድጃው ዘንድ መጥቶ ብርጭቆውን ሲቀበል በቱልን ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ቆንጆ፣ ባል አለሽ?»

በቱል አፏን ከፈተች፤ ግን ለዚህ ጥያቄ ከእንግዲህ የትኛው መልስ እንደሚሆን ለራሷም ጠፋት። ከበስተጀርባዋ ሐጃ ኒማት ሻያቸውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨልጠው ባዶውን ብርጭቆ ሰሐኑ ላይ ሲያሳርፉት ተሰማ።

«ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል» አሉ ቆፍጠን ብለው። «አሁን ይመጣል።»

ሰውየው ወደ ወንዙ ዞሮ አየ። እውነትም አንድ ሰው ነበረ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የተወሳሰበ ገመድ እየፈታ።